የወገን ክርክርና የአገር አስተዳደር በዳሞት ምድር

በ1932 ዓ.ም. ክረምት፣ ኢጣልያኖች በቡሬ፣ በዳንግላና በደብረ ማርቆስ ምሽግ ሠርተው በተቀመጡበት ጊዜ፣ በጎጃም ጫካና በረሃ የነበሩት አርበኞች የሚዋጉት ጠላት አንድ ሲሆን እነርሱ ራሳቸው ግን አንድ ልብ አልነበሩም። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ሁለቱም ብዙ ጭፍራ ያላቸው፣ ሁለቱም ለጀግንነታቸው ሌላ ምስክር የማያሻቸው መኳንንት ሲሆኑ፣ ከሁለቱ ማን ይበልጣል የሚለው ፉክክር በመካከላቸው ገብቶ የጠላትን ዕድሜ ያረዝም ነበር። በዚያው ክረምት ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ጎጃም የገቡት እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንፎርድና ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ የተላኩት አዛዥ ከበደ ተሰማ ከያዙት መልእክት ሁሉ የሚከብደው ይህን ፉክክር ማብረድ ነበረና፣ ከብዙ ምክርና ልመና በኋላ በመስከረም 1933 ዓ.ም. ሁለቱ ደጃዝማቾች በጠላት ላይ ተባብረው ለመሥራት ቃል ኪዳን ተፈራረሙ። ግማሽ ዓመት ሳይሞላ፣ በየካቲት መጨረሻ፣ ጠላት ቡሬን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ። ለሽሽቱ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ይህ ስምምነት ግን ከምክንያቶቹ አንዱ እንደ ነበረ አያጠራጥርም።

ያ ቃል ኪዳን የፍቅር ቃል ኪዳን አልነበረም። መንገሻ መንገሻ ሆነው፣ ነጋሽም ነጋሽ ሆነው ቀሩ፤ ማዕርጉን ወይም ጭፍራውን ለባልንጀራው ያስረከበ የለም። የተስማሙት መሠራት በሚገባው ሥራ ላይ ብቻ ነበር፤ ይህም በቃ። ዛሬ በአገራችን ስለ ፖለቲካ ዕርቅ ሲነገር ብዙ ሰው የሚጠብቀው ተቃዋሚና ገዥ ተቃቅፈው እንዲላቀሱ ስለሆነ፣ ያ ሳይሆን ሲቀር ተስፋ ይቈርጣል። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ ጠበብ ያለውን፣ የሁለቱን ደጃዝማቾች ዓይነት ስምምነት አብልጬ እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ልብን ለመለወጥ ትውልድ ሲያስፈልግ፣ በሥራ ላይ ለመስማማት የሚያስፈልገው ቅን ኅሊናና አንድ ክረምት ነው።

በአንድ አገር የሚኖሩ ሰዎች ስለ አገራቸው አንድ ዓይነት አሳብ ሊኖራቸው አይችልም። አንዱ መሬት ይሸጥ ይለወጥ ሲል ሌላው የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ይቈይ ይላል፤ አንዱ የክልሉ አከላለል ይጽና ሲል ሌላው ይሻሻል ይላል። የፖለቲካ ፓርቲ የሚባለው ማኅበር የተፈጠረውም ይህን የአሳብ ልዩነት በጦር ሳይሆን በቃልና በድምፅ ለመዳኘት ስለሆነ፣ ክርክሩ ራሱ በደል አይደለም። በደሉ የሚጀምረው ክርክሩ ከሸንጎ ወጥቶ የመሬቱን መዝገብ፣ የማዳበሪያውን መጋዘን፣ የትምህርት ቤቱን በርና የዳኛውን ወንበር የያዘ እንደ ሆነ ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር በድንበር ተጣልተው በወረዳ ፍርድ ቤት የሚካሰሱ ሁለት ጎረቤታሞች የአንድ ሰንበቴ ማኅበርተኞች ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ነው፤ ተራው የደረሰው ሰው ግን ባለጋራዬ ከሚቀመጥበት ደጀ ሰላም አልደግስም ብሎ ዳቦውንና ጠላውን አያስቀርም፤ ቢያስቀር የማኅበሩ ሙሴ ይገሥጸዋል፣ የንስሐ አባቱም ይጠይቁታል፤ ክሱ በፍርድ ቤት፣ ጽዋው በቤተ ክርስቲያን፣ እያንዳንዱ በየቦታው ይቀጥላል። ይህን ማስተዋል ያለው ሕዝብ ከፍ ባለው የመንግሥት ሥራ ላይ ለምን እንደ ተቸገረ ለማወቅ የኋላውን ታሪክ ጥቂት መመርመር ያስፈልጋል።

በ1960 ዓ.ም. በሕግ መምሪያና በሕግ መወሰኛ ምክር ቤቶች ታይቶ የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ፣ አሥራቱን ተክቶ ገበሬው ከምርቱ በሚያገኘው ገቢ ልክ እንዲከፍል የሚያዝዝ ስለ ነበር፣ ጽሑፉን ብቻ ላነበበ ሰው ከቀድሞው ይልቅ ለርትዕ የቀረበ ይመስላል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ በመሣሪያ ምዝገባና በልዩ ልዩ መዋጮ ምክንያት ከሕዝቡ ጋር አስቀድመው ተቃቅረው ስለ ነበር፣ ምርት ገማቹ ወደ መንደር ሲወጣ ገበሬው የሰማው የግብሩን ስሌት አልነበረም፤ የሰማው ርስትህ በቀላድ ሊለካ ነው የሚለውን ወሬ ነበር። ርስት ማለት ደግሞ በዚያ አገር በአባትም በእናትም ወገን ትውልድ ተቈጥሮ የሚገኝ፣ የሰውየው ስምና ክብር ሁሉ የተሰፈረበት ሀብት ነው፤ አለን ሆበን የሚባሉት አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ሊቅ በዚያው ዘመን ደጋ ዳሞት ተቀምጠው ስለዚህ ነገር ያጠኑት ጥናት እስከ ዛሬ ድረስ በየዩኒቨርሲቲው ይነበባል። ገበሬው መሣሪያውን አንሥቶ ዐመፀ። ዐመፁ በሞጣና በቢቸና ተቀጣጥሎ ወደ ዳሞትም ተሻገረ፤ ፖሊስና ጦር ተላከ፤ አውሮፕላን በመንደሮች ላይ ቦንብ ጣለ፤ በመጨረሻ ግን እንደራሴው ከጎጃም ተነሡ፣ የብዙ ዓመት ውዝፍ ግብር ተማረ፣ አዋጁም በዚያ ጠቅላይ ግዛት ሳይሠራበት ቀረ።

በዚህ ነገር ማን አሸነፈ? ገበሬው ርስቱን ከመለካት አዳነ፤ መንግሥቱም ምሕረት አድርጌ ጸጥታ መለስኩ አለ። ሆኖም ግብር የማይሰበሰብበት አገር መንገድም፣ ሐኪም ቤትም፣ ትምህርት ቤትም ከወዴት ያገኛል? በዚያ ዐመፅ የሞተው ሰውና የተቃጠለው ቤት የተከፈለው፣ አንድ እንደራሴ ሕዝቡን ሰብስቦ ስለ ግብሩ ስሌት በጊዜው ቢያስረዳና ቅሬታውንም ቢሰማ ሊቀር ይችል ለነበረ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚያ ጊዜ ፓርቲ የሚባል ነገር በአገሩ ስላልነበረ የ1960ው ነገር የአስተዳደር ጉድለት እንጂ የወገን ጠብ አይባልም። የ1989ኙ ግን ሌላ ነው። በዚያ ዓመት የአማራ ክልል መንግሥት ባወጣው አዋጅ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም መሬት እንደገና ተደለደለ። ችግሩ ፈጠራ አልነበረም፤ ጎጆ ወጥተው እርሻ ያጡ ወጣቶች፣ ከጦር ሜዳ ተመልሰው ባዶ እጃቸውን የቀሩ ወታደሮች በየቀበሌው ሞልተው ነበር። ነገር ግን ድልድሉ የተሠራው በችግር መጠን ብቻ አይደለም። ገበሬው በየስብሰባው በወገን ተለየ፤ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ያገለገለው ቢሮክራሲ፣ ከዚያ አስቀድሞ በነበረው ሥርዓት የአለቅነት ዘር ያለው ቅሪት ፊውዳል ተባለ። ሌላው ገበሬ እስከ 12 ጥማድ፣ ማለት እስከ 3 ሔክታር ድረስ እንዲይዝ ሲፈቀድለት፣ ይህ ስም የወጣለት ግን በ4 ጥማድ፣ በአንድ ሔክታር እንዲወሰን ተደረገ። ሰውየው ምናልባት ከቍጥር ትምህርት ጥቂት ስለሚያውቅ ጎረቤቶቹ መርጠው ጸሐፊ ወይም ንብረት ያዥ ያደረጉት ሊሆን ይችላል፤ የወረደበት ፍርድ ግን ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለሚስቱና ለልጆቹም ነበር። ከጎጃም ተነሥተው እስከ አዲስ አበባ ድረስ አቤት ሊሉ የሔዱ ገበሬዎች ነበሩ።

በዚህ ነገር እጅግ የሚያሳዝነው፣ እውነተኛውን የመሬት ጥያቄ ከፖለቲካ በቀል ጋር በአንድ ከረጢት ማሰር፣ መሬት የተነጠቀውን ብቻ ሳይሆን መሬት የተሰጠውንም መጕዳቱ ነው። በወገን ምክንያት የተሰጠ ነገር በወገን ምክንያት ሊወሰድ እንደሚችል የማይረዳ ገበሬ የለምና፣ የተቀበለውም ሰው ነገ መንግሥት ሲለወጥ ምን ይመጣብኝ ይሆን እያለ መኖሩ አይቀርም። እንዲህ ያለ መሬት ላይ እርከን የሚሠራ፣ ዛፍ የሚተክል፣ ለልጁ አስቦ አፈሩን የሚንከባከብ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ስድስት ዓመት ያህል ቈይቶ በ1995 ዓ.ም. ያው ክልል፣ በዚያው ገዥ ፓርቲ ሥር፣ ፍጹም ሌላ ጠባይ ያለው ሥራ ጀመረ፤ ይኸውም የመሬት ይዞታን መዝግቦ ደብተር መስጠት ነው። ይህን ሥራ በቅርብ ማየት ይጠቅማል። በየቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ በነዋሪው ተመረጠ። ኮሚቴው ባለይዞታውንና አዋሳኞቹን ጠርቶ፣ ከማሳው ዳር ቆሞ፣ በምሥራቅ ማን፣ በምዕራብ ማን፣ በሰሜንና በደቡብ ማን ያዋስነዋል ብሎ ይጠይቃል፤ ጎረቤት እዚያው ቆሞ ስለሚሰማ የሐሰት ቃል ወዲያው ይጋለጣል፤ ክርክር ከተነሣ በአካባቢው ሽማግሌዎች ይታያል፣ ካልሆነም ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሔዳል። ውጤቱ ለሕዝብ ተነቦ ቅሬታ ያለው ከተናገረ በኋላ አረንጓዴ ልባስ ያለው ደብተር ይሰጣል። በደብተሩ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ አለበት፤ የማሳዎቹ ዝርዝር፣ የአዋሳኞቹ ስምና የአፈሩ ለምነት ተጽፎበታል፤ የባለይዞታው መብትና ግዴታም እንዲሁ። ከባሏ ጋር ስትለያይ ወይም ባሏ ሲሞት ከባል ዘመዶች ጋር የምትሟገት ሴት ከዚህ በፊት ከምስክር በቀር ምንም አልነበራትም፤ አሁን ፎቶግራፏ ያለበት ደብተር ከሣጥኗ ውስጥ ታወጣለች።

ሥራው ነቀፋ አልነበረበትም አልልም፤ በብዙ ቦታ ልኩ በገመድ የተገመተ ስለ ነበር ኋላ በሳተላይትና በአየር ፎቶግራፍ እየታገዘ ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ማድረግ አስፈልጓል። ነገር ግን ገዥውን ፓርቲ የሚጠላም ሆነ የሚወድ ገበሬ ይህን ደብተር ተቀብሎ በሣጥኑ አስቀመጠው። የ1989ኙን ድልድልና የ1995ቱን ምዝገባ የሠራው አንድ ፓርቲ ነው፤ በመጀመሪያው ስፍራ የሚጠየቀው ‹አንተ የማን ወገን ነህ› የሚል ሲሆን፣ በሁለተኛው የሚጠየቀው ‹የማሳህ ድንበር ወዴት ነው› የሚል ነበር።

ያ ደብተር በየቀበሌው ሲታደል በነበረበት ዘመን የ1997 ምርጫ መጣ። ቅንጅት የሚባለው የተቃዋሚዎች ኅብረት በተወካዮች ምክር ቤት 109 ወንበር፣ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138ቱ 137ቱን አገኘ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋልና ማስረዘም አያሻም፤ ተሰናባቹ ምክር ቤት አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ ድምፅ እንዲያስፈልግ አድርጎ ደንቡን ለወጠ፤ ከቅንጅት ተመራጮች ብዙዎቹ ወንበራቸውን አንይዝም አሉ፤ በሰኔ 1997ና በጥቅምት 1998 በተነሣው ሁከት፣ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን እንደ ቈጠረው፣ 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች ሞቱ፤ መሪዎቹ ታሰሩ። የአዲስ አበባን ሕዝብ ሥራ የሚመራ የተመረጠ ሰው ስላልተገኘ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር በግንቦት 1998 ከተማይቱን ተረከበ።

የመንግሥቱ በደል ግልጽ ነው፤ ያሸነፈውን ተቃዋሚ አፉን በደንብ ለውጥ መዝጋት፣ በአደባባይ የወጣውን ሕዝብ በጥይት መበተን በምንም ሚዛን አይጸድቅም። ሆኖም በእኔ አስተያየት ከተማይቱን ያለመረከቡ ውሳኔም ታላቅ ስሕተት ነበር። መራጩ ሕዝብ ድምፁን የሰጠው ለነገሥታት የሚገባ ድል እንዲያገኙለት ብቻ አልነበረም፤ ውኃ እንዲወርድለት፣ ቆሻሻው እንዲነሣለት፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሰው ሆኖ እንዲቈጠርለትም ነበር። ተቃዋሚ ከተማ አስተዳድሮ ቢያሳይ፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንኳ በጀት ጽፎ፣ መንገድ ጠርጎ፣ ሒሳብ አቅርቦ ቢሆን ኖሮ፣ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ያለ ገበሬ ከገዥው ፓርቲ ሌላ የሚያስተዳድር ሰው በአገሩ እንዳለ በዓይኑ አይቶ ያረጋግጥ ነበር። ያ ዕድል አመለጠ።

ከዚያም በኋላ የመጣው ተቃራኒው ጥፋት ነው። በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ተቃዋሚ ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ በ2002 ዓ.ም. ከ547ቱ የተወካዮች ወንበር 545ቱን ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ያዙ፤ በ2007 ዓ.ም. ሁሉንም። በዚህ ዘመን ከሁሉ ይልቅ የተነገረው ቃል ልማት ነበር። ፖለቲካውን ትተን እንሥራ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ቅን ሰው ነው፤ ነገር ግን ይህ ቃል በገዥ አፍ ሲነገር ዝም በል ማለት ሊሆን እንደሚችል ያ ዘመን አስተምሮናል። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት የእርሻ ምክር የሚሰጥበት ማኅበር ነው ሲባል፣ የጎረቤትን አሳብ የሚከታተል ጆሮም ሆኖ ነበር፤ ሞዴል ገበሬ የሚባለውና የፓርቲው አባል የሚባለው በብዙ ቀበሌ አንድ ሰው ሆነው ተገኙ። ስለዚህ አስተዳደርን ከወገን ጠብ እናስቀድም ስል ተቃዋሚ ይጥፋ ማለቴ እንዳይመስል እወዳለሁ። የሚቃወም ሰው በሌለበት ምክር ቤት መንገዱ በስንት ብር እንደ ተሠራ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም ወንበር በአንድ ወገን ከተያዘ አንድ ዓመት ብቻ ቈይቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ በጎጃም ከተሞች ሕዝብ ወደ አደባባይ ወጣ፤ ሸንጎ ላይ ያልተሰማው ነገር በጎዳና ተሰማ።

እየተከራከሩ በሥራ ላይ የመስማማትን አንገብጋቢ ጥያቄ በሌላው ዓለም የተጋፈጡ አሉ። እስፓኝ ከጄኔራል ፍራንኮ ሞት በኋላ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1977፣ የዋጋ ንረቱ ከመቶ 20 በላይ ወጥቶ፣ የጦር መኰንኖች ወደ ቀድሞው ለመመለስ እያሰቡ ሳለ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አዶልፎ ሱዋሬዝ የፓርቲዎችን መሪዎች ሞንክሎዋ ወደሚባለው ቤተ መንግሥት ጠርተው አነጋገሩ። ከተጠሩት መካከል ሳንቲያጎ ካሪዮ የሚባሉት የኮሙኒስት መሪ ይገኙበታል፤ ፓርቲያቸው ሕጋዊ ከሆነ ገና ጥቂት ወራት ነበር። በጥቅምት ወር የተፈረመው ስምምነት ስለ ደመወዝ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ገንዘብና ስለ ሕዝብ መብት እንጂ ስለ ርእዮተ ዓለም አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ ወገኖቹ በየምርጫው በብርቱ መከራከራቸውን አልተዉም። ከአርባ ዓመት በፊት በእርስ በርስ ጦርነት የተራረዱ ወገኖች ልጆች ይህን ማድረግ ከቻሉ፣ ለሁለት ደጃዝማቾች የተቻለ ነገር ለእኛ ዘመን ፖለቲከኞች የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

በአገራችን ለዚህ የሚቀርብ ሙከራ በመስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ቀን በጸደቀው ካቢኔ ከተቃዋሚ ፓርቲዎች መካከል ከኢዜማ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት፣ ከአብን ዶክተር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ፣ ከኦነግ አቶ ቀጀላ መርዳሳ የባህልና ስፖርት ሚኒስትር ሆኑ። ፕሮፌሰር ብርሃኑ በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት ለአዲስ አበባ ከንቲባነት የመረጣቸው ሰው እንደ ነበሩ ማስታወስ ይገባል፤ ከ16 ዓመት በኋላ የመንግሥት ሥራ ያዙ። በእርሳቸው ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ ሲደረግ፣ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። ይህን ያህል መራራ እውነት ለሕዝብ መግለጥ ለየትኛውም ፖለቲከኛ ቀላል አይደለምና፣ በሚኒስትሩ ላይ የሚሰነዘረው ነቀፋ ብዙ ቢሆንም፣ እኔ ይህን ሥራ በበጎ እቈጥረዋለሁ። ነገር ግን ሚኒስትር በመሾም ብቻ ነገሩ አይፈጸምም፤ ከላይ የተጀመረው በወረዳና በቀበሌ ካልታየ ገበሬው የሚያየው ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

በቀበሌ ደግሞ የሆነው ሌላ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የክልሎችን ልዩ ኃይል ለማፍረስ የተላለፈው ውሳኔ፣ ጕዳዩ በቀጥታ የሚነካው ሕዝብና ምክር ቤቱ በሚገባ ሳይመክሩበት ድንገት የወረደ ስለ ነበር፣ በአማራ ክልል ተቃውሞውን ወደ ትጥቅ አሻገረው፤ የገዥው ፓርቲ የክልል ኃላፊ አቶ ግርማ የሺጥላ በሚያዝያ 19 ቀን ተገደሉ። በዚያው ዓመት የክረምት መግቢያ ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው እስከ ባሕር ዳር ድረስ ወጥቶ ጮኸ። ማዳበሪያ በቡሬና በጃቢ ጠህናን ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው ይህን እንደ ተራ ነገር ያየው ይሆናል፤ ነገር ግን ይህ አገር በቆሎ አብቃይ ነው፤ ዘሩ ከመጀመሪያው ጥሩ ዝናብ ጋር ኤንፒኤስ አግኝቶ ካልወደቀ፣ ቡቃያውም ጕልበት ሲያህል ዩሪያ ካልተሰጠው፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ በመቶ ኩንታል ቢቀርብ ለከርሞ መቀመጥ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የዚህ አገር አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ሆኖ ኖራ የሚፈልግ ነው፤ ኖራውን አጓጉዞ በጊዜው ማድረስ የየትኛውም ፓርቲ ርእዮተ ዓለም ሳይሆን የመኪና፣ የመንገድና የሒሳብ ሥራ ነው።

ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰው የአየር ጥቃት፣ የሆስፒታሉ ኃላፊ ለዜና ሰዎች እንደ ተናገሩት፣ ቢያንስ 26 ሰዎች ሞቱ። በ1960 ዓ.ም. በጎጃም መንደሮች ላይ ቦንብ ከተጣለ 55 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ጦርና በታጣቂዎች፣ በሁለቱም ወገን የሚታየው መንገድ ዘግቶ፣ ጽሕፈት ቤት ዘግቶ፣ ትምህርት ቤት ዘግቶ መዋጋት ሆኗል፤ በክልሉ ከትምህርት ገበታ ውጭ የቀሩት ልጆች በአንድ ወቅት ከ4 ሚሊዮን በላይ እንደ ነበሩ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ተናግሯል። የተማረ ልጅ ለመንግሥት ያገለግላል ብሎ ትምህርት ቤት የሚከለክል ታጣቂና፣ ጦሩን በትምህርት ቤት ውስጥ የሚያሰፍር አዛዥ፣ ስማቸው ቢለያይም በልጁ ላይ የሚያደርሱት በደል አንድ ነው። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና በዚያው ዘመን ሥራ የጀመረው የዘይት ፋብሪካ ከዙሪያው ገበሬ ምርት፣ ከከተማው ወጣት ጕልበትና እውቀት የሚፈልጉ ነበሩ፤ መንገዱ ሲዘጋ ጥሬ ዕቃውም፣ ነዳጁም፣ ሠራተኛውም እዚያው ይቀራል።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ልናገር፤ በየትኛውም ቀበሌ ሊሆን ስለሚችል ስሟን መጥራት አያስፈልግም። ቤቷ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን አላት፤ ከፊቷ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ከውስጥ አንድ ጠረጴዛና የፕላስቲክ ወንበር አለ። ባሏ የሞተባት እናት የውርስ ማስረጃ ለማጻፍ የመሬት ደብተሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጥታለች።

‹‹እማማ፣ ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ማኅተሙም ከእሳቸው ኪስ ነው። ማክሰኞ ይመለሱ›› ይላታል ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ጸሐፊ ልጅ።

‹‹አንተ ልጅ፣ ባለፈው ማክሰኞም ይኸንኑ ብለኸኝ ነበር።››

‹‹ምን ላድርግ እማማ፣ ስብሰባው ከላይ የመጣ ነው።››

ልጁ ውሸት አልተናገረም፤ ስብሰባው በእርግጥ ከላይ የመጣ ነው። ሊቀ መንበሩ የሕዝብ ሥራ የሚሠሩበትን ቀን ስለ ፓርቲው አቋም ሲሰሙ ይውላሉ። ፓርቲ አባሎቹን ሊሰበስብ መብቱ ነው፤ ግን ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በራሱ ቤት፣ በራሱ ገንዘብ መሆን አለበት፤ ማኅተሙም ለተመደበ የሲቪል ሠራተኛ ተላልፎ፣ ሊቀ መንበሩ ቢኖሩም ባይኖሩም፣ ፓርቲያቸው ቢያሸንፍም ቢሸነፍም፣ በጠረጴዛው ላይ መቅረት አለበት። የመሬት መዝገብ በኮሚቴው እጅ፣ የማዳበሪያው ክፍፍል በኅብረት ሥራ ማኅበሩ የስም ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ ትምህርት ቤቱም ከሁለቱም ወገን ጦር የራቀ ሆኖ እንዲጠበቅ አስቀድሞ መዋዋል ይቻላል፤ ሌላው ሁሉ፣ የሕገ መንግሥቱም፣ የክልሉም፣ የትጥቁም ጥያቄ፣ ገና እየተከራከሩበት እያለ። ይህን ውል ለመዋዋል የሚያስፈልገው የድል አድራጊነት መንፈስ አይደለም፤ የማኅበሩ ሙሴና የንስሐ አባቶች፣ የወረዳ ዳኞችና የትምህርት ቤት ርእሰ መምህራን በአንድ ጠረጴዛ ከሁለቱ ወገኖች ጋር ቢቀመጡ መነሻ ይሆናል። በሕግ የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽንም ከትልልቁ አጀንዳ በፊት ይህን ትንሹን ቢጠይቅ መልካም ነበር።

ምርጫ በመጣ ቁጥር የየፓርቲው እጩዎች በቡሬ ገበያ ድምፅ ማጉያ ይዘው ይቆማሉ። መራጩ ስለ ክልሉ ወሰን፣ ስለ ሕገ መንግሥቱና ስለ ማንነት የሚጠይቀውን ሁሉ ይጠይቅ፤ መብቱ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን ሁሉንም እኩል ሊጠይቃቸው የሚገባ ነገር አለ፤ ብትሸነፉ በምክር ቤት ትቀመጣላችሁን? ብታሸንፉ የተሸነፈውን ወገን ገበሬ ማዳበሪያ በስንተኛው ቀን ታደርሱለታላችሁ? የቀበሌው ማኅተምስ በማን እጅ ይሆናል?